ውዝፍ የመሬት ግብር፦ እንዴት ይጠራቀማል? እንዴትስ ይሰበሰባል?

በሀዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ ለሞዴል አርሶ አደሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

 

የተከበራችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ እናቶችና አባቶች፣ ከየወረዳው አብራችሁ የመጣችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፤

ጠዋት ስለ ኖራ አጠቃቀምና ስለ ቡና ጉንደላ ስትሠለጥኑ ቆይታችኋል። አሁን ከማሳው ወጥተን ወደ ወረቀቱ እንገባለን። «ወረቀት ደግሞ ምን ያደርግልናል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሱን ከራሴ ቤት ልጀምር።

አባቴ ሲሞት እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። የመሬት ግብር በየዓመቱ የሚከፍለው አባቴ ስለነበር፣ እሱ ካለፈ በኋላ ቤታችን ውስጥ «ግብር ተከፍሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ መጣ። እናቴ ደነገጠች፤ እጇ ላይ ገንዘብ አልነበረም። አንድ የቅርብ ዘመዳችን «አንቺ አትጨነቂ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ፤ እስክትመልሽልኝ ድረስ የታችኛውን ማሳ እያረስኩ ልቆይ» አላት። እሷም አመስግና ተስማማች። ውል አልተጻፈም፤ ምስክር አልተጠራም።

ከዓመታት በኋላ ገንዘቡን ይዛ «መሬቴን መልስልኝ» ስትለው፣ ዘመዳችን ሦስት ደረሰኝ አወጣ። ደረሰኞቹ ላይ የተጻፈው የእሱ ስም ነው። «ግብር የምገብርበት መሬት የኔ ነው» አለ። ጉዳዩ ከሽማግሌ አልፎ እስከ ፍርድ ቤት ሄደ። መጨረሻ ላይ እናቴን ያዳናት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ነው፤ የአባቴና የእሷ ስም አንድ ላይ ተጽፎበት ነበር። መሬቱ ተመለሰ። ነገር ግን ሁለት የምርት ዘመን ባከነ፣ ዝምድናው ተበጠሰ፣ ለመመላለሻ ያወጣችው ገንዘብም ከውዝፉ በላይ ሆነ።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ትንሽ ገንዘብ ነው ተብሎ የተተወ ግብር እንዴት ትልቅ ነገር እንደሚሆን፣ መንግሥት ውዝፉን በምን መንገድ እንደሚሰበስብ፣ የእናንተ መብት እስከ የት እንደሆነ እንመለከታለን።

1. የምንከፍለው ምንድን ነው?

አርሶ አደሩ «የመሬት ግብር» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው በሕግ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ሲሆን፣ በያዝነው መሬት ለመጠቀማችን የምንከፍለው ነው። ሁለተኛው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው፤ ከመሬቱ ከምናገኘው ገቢ የሚከፈል ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚሰበሰቡ አንድ ይመስሉናል።

ይህን የሚወስነውና የሚሰበስበው ክልል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 ላይ ክልሎች የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን እንደሚወስኑና እንደሚሰበስቡ፣ በግልም ሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበር ከተደራጁ ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብር እንደሚጥሉና እንደሚሰበስቡ ተጽፏል። ስለዚህ የእናንተ ግብር የሚገባው ወደ ክልላችን ካዝና ነው። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ይህ ኃላፊነትም ሥልጣንም የራሳችን ሆኗል። መንገድ ይሠራ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ይኑረው፣ የልማት ሠራተኛ ይመደብልን ስንል፣ ጥያቄውን የምናቀርበው የእኛው ግብር ለሚገባበት ካዝና ነው።

2. ጉዳዩ አዲስ አይደለም

የመሬት ግብርና ውዝፉ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። አባቶቻችሁ ያውቁታል። በንጉሡ ዘመን በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብሎ በመክፈል በጋሻ ግብር አስከፍሏል። ከዚያ ሌላ አሥራት ነበር፤ በኋላም የትምህርትና የጤና ግብር ተጨመረ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከምርቱ እያካፈለ፣ የባለመሬቱን ግብር ሸክም ጭምር በትከሻው ይሸከም ነበር።

በዚያ ዘመን ውዝፍ መሬት ያስነጥቅ ነበር። በባሌ ግብር ያልተከፈለበት መሬት እየተወሰደ ለሌላ ሰው ይሰጥ ስለነበር፣ ይህ በደል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ለቆየው የባሌ ገበሬዎች አመጽ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኗል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «ይህ መሬታችንን ሊቀሙን ነው» ብሎ ተነሣ። ብዙ ሰው አለቀ፤ መንግሥትም በመጨረሻ አዲሱን ግብርም የቀድሞውን ውዝፍም ሳይሰበስብ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። በቀጣዩ ዓመት የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም ብዙ ሰው ስለ ውዝፍ ሲሰማ የሚፈራው ያንን የድሮውን ነው። «ካልከፈልሁ መሬቴን ይወስዱብኛል» ይላል። ፈርቶም ይደበቃል። ሲደበቅ ዕዳው ያድጋል። ስለዚህ የዛሬው ሕግ ምን እንደሚል ለይተን እንወቅ።

3. ግብር «ውዝፍ» የሚሆነው መቼ ነው?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የገጠር መሬት ግብር ግን በአብዛኛው የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ፣ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ባለበት ወቅት ነው። ወረዳው የክፍያ ጊዜውን በቀበሌ በኩል ያሳውቃል። ያ ቀነ ገደብ ሲያልፍ ያልተከፈለው ሁሉ ውዝፍ ይባላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕዳው እንደነበረ አይቆይም፤ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል። እንዴት እንደሚያድግ በስሌት ላሳያችሁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብሩን ዘግይቶ ለከፈለ ሰው እንዲህ ያለ ቅጣት አስቀምጧል፦ ለመጀመሪያው ወር ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ። ወለዱ ለብቻው ነው።

ለምሳሌ ያህል 1,000 ብር ግብር ያልከፈለ ሰው እንውሰድ፦

ከ1 ወር በኋላ ቅጣቱ 50 ብር ነው።
ከ12 ወር በኋላ 270 ብር ይሆናል።
ከ24 ወር በኋላ 510 ብር ይሆናል።
ከ36 ወር በኋላ 750 ብር ይደርሳል።

አሁን ይህ ሰው በየዓመቱ 1,000 ብር እያለበት ለሦስት ዓመት ምንም አልከፈለም እንበል። የመጀመሪያው ዓመት 750፣ የሁለተኛው 510፣ የሦስተኛው 270 ብር ቅጣት አለበት። ድምሩ 1,530 ብር ነው። 3,000 ብር የነበረው ዕዳ ወለዱ ሳይቆጠር 4,530 ብር ሆነ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ዓመት ተኩል ሊገብርበት የሚችለውን ገንዘብ በመዘግየቱ ብቻ አጣ።

የእናንተን የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ቅጣት የሚወስነው የክልሉ ሕግ ስለሆነ፣ ትክክለኛውን መጠን ከወረዳችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ በማስታወሻችሁ ጻፉ። ስሌቱን ያሳየኋችሁ ውዝፍ የሚያድግበትን መንገድ እንድታዩ ነው። አረም ገና ቅጠል ሳለ በእጅ ይነቀላል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ መቆፈሪያ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

4. ውዝፍ የሚሰበሰብበት ቅደም ተከተል

በአገራችን የታክስ አስተዳደር ሕግ የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ተነሥቶ በሬ አይነዳም። ደረጃዎች አሉ።

አንደኛ፣ ማሳወቅ። ግብር ከፋዩ ስንት እንዳለበት፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ነገር ከመቆረጡ በፊት «አፊኒ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሰምታችኋል ወይ፣ አውቃችኋል ወይ ማለት ነው። ያልሰማ ሰው ላይ አይፈረድም። የግብር ማሳወቂያም እንዲሁ ነው። ነገር ግን «አልሰማሁም» ለማለት ብሎ ደብዳቤ አልቀበልም ማለት አያድንም።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቅ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ውዝፉን ከነቅጣቱ እንዲከፍል፣ ካልከፈለ እርምጃ እንደሚወሰድበት ይገለጽለታል። ብዙ ሰው ማምለጥ የሚችለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ በሦስተኛ ወገን በኩል መሰብሰብ። ሕጉ ባለዕዳው ገንዘብ ካስቀመጠበት ባንክ ወይም ለእሱ ገንዘብ ሊከፍል ካለበት ሰውና ድርጅት ላይ ግብሩ እንዲከፈል ለማዘዝ ሥልጣን ይሰጣል። ባንክ የተቀመጠ የቡና ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

አራተኛ፣ ንብረት መያዝ። ይህ የመጨረሻው ነው። ንብረቱ ተዘርዝሮ ተመዝግቦ ይያዛል። ዕዳው ካልተከፈለ በሐራጅ ይሸጣል። ከሽያጩ ገንዘብ መጀመሪያ ለመያዣውና ለመሸጫው የወጣው ወጪ፣ ቀጥሎ የግብር ዕዳው ይነሣል። የተረፈው ለባለንብረቱ ይመለሳል።

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ቀላል አትምሰላችሁ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አንዲት አዛውንት የቤት ግብር ወደ 2,300 ዶላር ያህል ሳይከፍሉ ቀሩ። ቅጣትና ወለዱ ተጨምሮ ዕዳው 15,000 ዶላር ደረሰ። የአካባቢው አስተዳደር ቤቱን በ40,000 ዶላር ሸጠና ዕዳውን ከወሰደ በኋላ የተረፈውን 25,000 ዶላርም ለራሱ አስቀረ። አዛውንቷ በ94 ዓመታቸው ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ ለሴትዮዋ ፈረደ፤ መንግሥት ዕዳውን መውሰድ ይችላል፣ ከዕዳው በላይ ግን መውሰድ አይችልም አለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ 2,300 የነበረው 15,000 ሆነ። ሁለተኛ፣ ባለዕዳም ቢሆን መብት አለው።

5. መሬታችንስ ለውዝፍ ይሸጣል?

አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት እንደሆነና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ ደንግጓል። አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለውም ያው አንቀጽ ይናገራል። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ውዝፍ አለብህና ማሳህ በሐራጅ ይሸጣል» ቢላችሁ አትደንግጡ።

ነገር ግን በተሳሳተ መንገድ አትጽናኑ። በመሬቱ ላይ በጉልበታችሁና በገንዘባችሁ ያፈራችሁት የእናንተ የግል ንብረት ነው። የግል ንብረት ደግሞ ለዕዳ ሊያዝ ይችላል። መሬቱ አይሸጥም ማለት ዕዳው ይቀራል ማለት አይደለም።

እኔ በእውነት የምፈራላችሁ መንግሥት መሬታችሁን እንዳይወስድባችሁ አይደለም። የምፈራው በእናቴ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ነው። ውዝፍ ያለበትን ሰው ችግር አይቶ «እኔ ልክፈልልህ፣ መሬቱን ለጥቂት ዓመት ስጠኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሕጉ አርሶ አደር መሬቱን እንዲያከራይ ይፈቅዳል። ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ዘመኑ ተወስኖ፣ በወረዳው መሬት አስተዳደር ሊመዘገብ ይገባል። በእርጎ ቤት ወይም በለቅሶ ቤት የተስማማችሁት ነገር ውል አይባልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

6. መብታችሁ

ግዴታውን እንደነገርኋችሁ መብታችሁንም ልንገራችሁ።

ሀ. የምትከፍሉት የራሳችሁን ብቻ ነው። የመሬታችሁ ስፋት በግብር መዝገቡና በይዞታ ደብተራችሁ ላይ አንድ መሆኑን አመሳክሩ። በልኬት ጊዜ መሬቱ ቀንሶ ሳለ የግብር መዝገቡ ድሮ በገመድ በተለካው ላይ ከቀረ፣ ከሚገባችሁ በላይ እየከፈላችሁ ነው። ለልጅ ያወረሳችሁት ማሳ አሁንም በስማችሁ ካለ፣ የእሱንም ግብር የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ለ. ቅሬታ የማቅረብ መብት አላችሁ። ያልተስማማችሁበትን ውሳኔ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። ቅሬታ ግን ጊዜ አለው። በአዋጅ ቁጥር 983 የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ21 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ተደንግጓል። «ቡናው ይለቀምና እሄዳለሁ» የሚል ሰው ቡናው ሲያልቅ ቀኑም ያልቅበታል።

ሐ. ጊዜ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ሰው በቂ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ሲያመለክት፣ ክፍያው ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍለት ወይም በየጊዜው እየከፈለ እንዲጨርስ ሊፈቀድለት ይችላል። ወለዱ ግን እንደማይቆም እወቁ። ቢሆንም ከመደበቅ ይህ ይሻላል፤ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ላይ እርምጃ ለመውሰድ የሚቸኩል ኃላፊ ጥቂት ነው።

መ. ጉዳት ሲደርስ ወዲያው አስመዝግቡ። በረዶ የመታው ማሳ፣ ጎርፍ የወሰደው፣ ድርቅ ያቃጠለው ሰብል ካለ በዚያው ሳምንት ከቀበሌውና ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ አሳዩ፣ አስጽፉ። ማሳው ዳግም ከታረሰና ከተዘራ በኋላ «ያኔ ምርት አልነበረኝም» ማለት ማስረጃ የለውም።

ሠ. ደረሰኝ የማግኘት መብት አላችሁ። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ገንዘብ እንደተከፈለ አይቆጠርም። ሰብሳቢው የቀበሌያችሁ ሰው፣ የክርስትና ልጃችሁ ወይም አማቻችሁ ቢሆንም ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙን ስትቀበሉ አራት ነገር ተመልከቱ፦ ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? የግብር ዘመኑ ተጠቅሷል? የብሩ መጠን ከከፈላችሁት ጋር እኩል ነው? ማኅተምና ፊርማ አለው? ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ይዞ ይሂድ።

7. ከተማ ቤት ያላችሁ

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በይርጋለም፣ በአለታ ወንዶ ወይም እዚሁ ሀዋሳ ቤት የሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሥራችሁ ያገኛችሁት ስለሆነ ደስ ይላል። ግን የከተማ ቤት የራሱ ግብር አለው፤ የገጠሩን ስለከፈላችሁ የከተማው አይቀርም። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር ሲከፈል ቆይቷል። ሰው «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው እሱን ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ የሚመለከተው በከተማ ያለን የመሬት የመጠቀም መብትና በላዩ ያረፈውን ግንባታ ነው።

ቦታውን በሊዝ የያዛችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ዓመታዊ ክፍያውን በጊዜው ያልከፈለ ሰው ቅጣት እንደሚከፍል፣ የሦስት ዓመት ውዝፍ አጠራቅሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ያልከፈለ ሰው ደግሞ ንብረቱ ተይዞ ሊሸጥ እንደሚችል ደንግጓል። ቤቱን ያከራያችሁት ለሰው ከሆነ፣ ደብዳቤ የሚደርሰው ተከራዩ ጋ ነው። ተከራዩ ደብዳቤውን በመሳቢያ ከትቶት እናንተ ገጠር ሆናችሁ ሳትሰሙ እንዳትቀሩ፣ ስልካችሁን በክፍለ ከተማው ወይም በማዘጋጃ ቤቱ አስመዝግቡ።

8. ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ደረሰኞችን በአንድ ቦታ አስቀምጡ። የይዞታ ደብተሩና የግብር ደረሰኞቹ በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት ታስረው ምስጥም ዝናብም በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ጣሪያ ሥር መሰካት ጢሱ ያጠቁረዋል። ስልክ ያለው ልጅ ፎቶ ያንሣው።

ሁለተኛ፣ የግብሩን ገንዘብ ከመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ቀንሱ። እሸት ቡና ስትሸጡ፣ ወይም በቆሎና ቦሎቄ ስታወጡ፣ ከገበያ ስትመለሱ የግብሩን ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ እንደምትለዩት ማለት ነው። የበዓሉ ወጪ ከመጣ በኋላ ልለይ ቢሉ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት ሁለታችሁም እወቁ። አባወራው ብቻ የሚያውቀው ግብር አባወራው ሲያልፍ ውዝፍ ይሆናል። ይዞታው የጋራ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም መሆኑን አረጋግጡ። የሞተ ሰው ስም በግብር መዝገብ ላይ ካለ፣ ወራሾች ሳይቆዩ ስሙን ያዛውሩ።

አራተኛ፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ዕዳ እንዳለባችሁ ወይም እንደሌለባችሁ በጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። የመሬት ደብተር ለመቀየር፣ ለማውረስ ወይም ለብድር ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ አርሶ አደር የመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንዲችል መንገድ ከፍቷል። መዝገቡ የተስተካከለ ሰው ይህን ዕድል ቀድሞ ይጠቀምበታል።

አምስተኛ፣ ለማንም ሰው በሌላ ሰው ስም አትክፈሉ፣ ለእናንተም በሌላ ሰው ስም አይከፈልላችሁ። ጎረቤቱን መርዳት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ያበድር፤ ደረሰኙ ግን በባለይዞታው ስም ይቆረጥ።

የተከበራችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች፤

ሞዴል የተባላችሁት ምርታችሁ ስለበለጠ ብቻ አይደለም። ጎረቤት የእናንተን አይቶ ስለሚሠራ ነው። በመስመር መዝራትን አንዱ ጀምሮ መንደሩ ሁሉ እንደተከተለው፣ የግብር ደረሰኝን በሥርዓት መያዝም እንደዚያ ይስፋፋል። በየመንደራችሁ እንደ እናቴ ያለች ባሏ የሞተባት፣ ማንበብ የማትችል፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የምትደነግጥ ሴት አለች። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ የእሷን ደጅ አንኳኩ። «እናታችን፣ የዘንድሮ ግብር ተከፍሏል? ደረሰኙን እስቲ አሳዪኝ፣ በማን ስም ነው የተጻፈው?» በሏት። ካልተከፈለ ልጇን ወይም እናንተን ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ትሂድ። አንድ ማለዳ የሚፈጅ ጉዞ ነው። እናቴ ያንን ማለዳ የሚሄድላት ሰው አጥታ ሁለት የምርት ዘመን ከሰረች።

የቡድን መወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ የመሬት ግብር የሚሰበሰበው በየትኛው ወር ነው? ቀነ ገደቡ ለሁሉም ሰው ይደርሳል? የማይደርሳቸው እነማን ናቸው?

2. በቡድናችሁ ውስጥ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ደረሰኝ አሁን ማቅረብ የሚችል ስንት ሰው ነው?

3. የሞተ ሰው ስም በግብር መዝገብ ላይ ያለበት ቤተሰብ ታውቃላችሁ? ስሙን ለማዛወር ምን ይጎድላል?

4. ውዝፍ ላለበት ጎረቤት መሬቱን ሳያስይዝ ልንረዳው የምንችልበት መንገድ ምንድን ነው? እቁብ፣ ዕድር ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ምን ሊያደርግ ይችላል?

 የዘንድሮው ምርት ይባረክላችሁ፤ ጎተራችሁም ደብተራችሁም ሙሉ ይሁን።